የዘመነ የሞት ወረቀት

ካሰል፣ ጀርመን
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንዳላማው፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ቤትዎ እንዴት ሰነበተ? እመቤታችን እርስዎንም ጎረቤትዎንም ከክፉ ቀን ትሰውርልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚሁ በአረጋውያን መጦሪያው ቤት እየሠራሁ ነው፤ ሽማግሌዎቹን አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ሲቆጡኝም መልሼ እቆጣቸዋለሁ።

ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስልክ ስለጠፋ ነው። ጉንደ ወይን ኔትወርክ የለም ሲሉኝ ደብረ ማርቆስ ባለችው ጓደኛዬ በጀነት በኩል ሦስት ጊዜ መልእክት ሰድጃለሁ። «ነግሬያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል» ትለኛለች። እሺ ካሉ ሰባት ወር ሆነዎት። እንግዲህ በጽሑፍ ልጠይቅ፤ አልሰማሁም እንዳይባል።

የምፈልገው የባለቤቴን የዘመነን የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ዘመነ የእህትዎ ልጅ ነው። የነበረበት የጭነት አይሱዙ ዓባይ በረሃ ሲገለበጥ ደጀን ወርደው የቀበሩት እርስዎ ነዎት። ነሐሴ 6 ቀን 2014 መሆኑን ለእኔ በስልክ የነገሩኝም እርስዎ ነዎት። ቪዛው ሊወጣለት ወር ሲቀረው ነበር የሞተው። እኔ እዚህ ለብቻዬ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እናንተም እዚያ አለቀሳችሁ፣ ሞቱን ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ አገር ግን የሰው ሞት በለቅሶ አይታወቅም። መዝገብ ቤት በሄድኩ ቁጥር ስሜ ላይ «ባለትዳር» የሚል ይወጣል። ባሌ ሞቷል ስላቸው በትሕትና «ወረቀቱን ይዘሽ ነዪ» ይሉኛል።

ሳላድበሰብስ ልንገርዎት። ላገባ ነው። ሰውየው ድረስ ይባላል፤ የወሎ ልጅ ነው፣ ዳቦ ቤት ይሠራል። ለእርስዎ መስማቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ለእኔም መጻፉ ከብዶኛል። ዘመነን ዓመቱን ጠብቄለት፣ ሁለተኛውንም ደግሜለት ነው። ያለዚያ ወረቀት ግን በዚህ አገር ሕግ ፊት ባሏ የሞተባት ሴት አይደለሁም፤ ባል እያላት ሌላ የምትፈልግ ነኝ።

ሥራው ይህን ያህል ከባድ አይመስለኝም። ቀበሌ ያስመዘግቡታል፣ ወረዳ ማኅተም ያደርግበታል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አዲስ አበባ ድረስ ጀነት ትጨርስልኛለች። እባክዎን በዚህ ወር ውስጥ ያድርጉልኝ።

እህትዎን እማማ ሥራነሽን እጅ ነሥተው ይሳሙልኝ። አምና የላኩልኝ ጋቢ ደርሶኛል። ለእኔ ሰፋኝ እንጂ ሙቀቱስ ሌላ ነው።

አክባሪዎ ምሥራቅ


ጉንደ ወይን
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሥራቅ፤

በፍቅር የተሞላ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። የአባቶቻችን አምላክ በወጣሽበት ያግባሽ፣ በገባሽበት ያሳድርሽ። እኛ በክብረ መንፈስ ቅዱስ አለን። ጤፉ ዘንድሮ ጥሩ ያዘ፤ አጨዳው ተጋምሷል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሠላሳኛው ቀን ነው። በማግስቱ ተነሥቼ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ስብሰባ ወጥቷል። በሁለተኛው ቀን ስብሰባው አላለቀም። ወረዳ ይሻላል ብዬ ወረዳ ሄድኩ፤ የክብር መዝገብ ሹሙ፣ አበባው የሚሉት ልጅ፣ ሥልጠና ሄዷል። ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ሹሙ መጥቷል፣ ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ግን ደብረ ማርቆስ የሄደች ሴት ዘንድ ነው። ቁልፉ ሲመጣ ቅጹ አለቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር «ነገ ና» ብዬ የመለስኩት ተማሪ የለኝም። ዛሬ ያስተማርኳቸው ልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔን ነገ ይምጡ ይሉኛል። ንዴቴን ይዤ በእግሬ ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ ሁሉ ዳገት ሆነብኝ።

ስለ ድረስ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሆድ ይፍጀው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለእህቴ ለሥራነሽ ሁለት መስመር ጻፊላት። ደህንነትሽን ብቻ። ስለ ዘመነ ምንም አታንሺ፤ ልቧ አይችልም። ፎቶም ብትልኪ ደስ ይላታል። ጥቁር ልብስ ያለበት አይሁን። ሳቅ ብለሽ የተነሣሽው፣ በረዶ ያለበት ቢሆን መልካም ነው።

በርቺ እንጂ ወረቀቱን አንድ ቀን ማግኘቴ አይቀርም። እግዚአብሔር ሲፈቅድ ይሆናል።

አጎትሽ እንዳላማው


ካሰል
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ እንዳላማው፤

ሰላምታውን እርስዎ እንደለመዱት አድርገው ይሙሉት፤ እኔ ዛሬ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። እንኳን ለልደቱ አደረሰዎት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እርስዎ ያልያዙትን ወረቀት ነው አለቅም ያሉኝ። በጥቅምት የጠየቅኩትን በኅዳር መለሱልኝ፤ የመለሱልኝም የስብሰባና የመሳቢያ ቁልፍ ወሬ ነው። ጀነት እንደነገረችኝ የዚያው ወረዳ ሰዎች የሞትም የልደትም ወረቀት እያወጡ ነው። አንዷ የባሏን በአሥር ቀን አውጥታለች። ቅጹ ለእኔ ብቻ ነው ያለቀው?

ያልነገርኩዎት አለ፤ አሁን ልንገርዎት። እርጉዝ ነኝ፤ ስድስተኛ ወር ይዣለሁ። የምወልደው ሚያዝያ መግቢያ ላይ ነው። የዚህ አገር ሕግ ባለትዳር ሴት የወለደችውን ልጅ የባሏ ነው ይላል። ባሌ መሞቱን የሚያሳይ ማኅተም ካላመጣሁ ልጁ ሲወለድ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «አባት፦ ዘመነ» ተብሎ ነው። ድረስ አጠገቤ ቆሞ፣ ልጁን አቅፎ፣ አባት የሚለው ቦታ ላይ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት የተቀበረ ሰው ይጻፍበታል። ያንን ለማስነሣት ደግሞ ፍርድ ቤት ነው፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል ብለውኛል። ጸሐፊዋን ለመንኳት። ከተወለደ በኋላ ጥቂት ሳምንት እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም ብላኛለች።

አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ላገባ ነው ስላልኩ ሊቀጡኝ ነው? የእህቴ ልጅ ሚስት ናትና መበለት ሆና ትቅር ብለው ነው? እንደዚያ ከሆነ ፊት ለፊት ይበሉኝ። እሰማዎታለሁ፤ የሚገባኝን ስድብ እቀበላለሁ። ሹሙንና ቅጹን ግን አይሸፋፈኑበት።

ደግሞ የለመኑኝ ልመና ምንድን ነው? ባሏ የሞተባት ሴት፣ ልጇ ለሞተባት እናት ስትጽፍ፣ ስለ ሟቹ አታንሺ የሚባለው በየት አገር ነው? በረዶ ላይ እየሳቅሽ ተነሺ ሲሉኝስ ምን ሊያደርጉበት ነው? ዘመነ የሞተ ጊዜ እማማ ሥራነሽን በስልክ አገናኙኝ ብዬ ብለምንዎ «ድምፅሽን መስማት አትችልም፣ አትደውይ» አሉኝ። ጠላችኝ ብዬ አምኜ ተቀመጥኩ። ልጄን ወደ ውጭ አገር አስከጅላ አስገደለችው ብላለች ብዬ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ አንድዬ ያውቃል።

ፎቶ አልልክም። ወረቀቱን ይላኩልኝ።

ምሥራቅ


ጉንደ ወይን
የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ምሥራቅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሆድሽ ውስጥ ያለውን እመ ብርሃን በሰላም ታውጣልሽ። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነቢ አስታውሺው።

«ሊቀጡኝ ነው» ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤ ደብዳቤሽን ወረወርኩት። መልሼ አነሣሁትና እንደገና አነበብኩት፤ እንደገና ተናደድኩ። ደጀን ድረስ በዝናብ ወርጄ የልጁን አስከሬን የለየሁት እኔ ነኝ። ከምን እንደለየሁት አልነግርሽም። እኔ አንቺን የምቀጣ ሰው አይደለሁም።

ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ወረቀቱ ያልወጣው በሹሙ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አበባው ተገኝቶ ነበር። ቅጹም መጥቷል። አረጋዊ ነኝ ብዬ ከሰልፉ ፊት ቀደምኩ። የቤተሰቡን መዝገብ አውጥቶ ተመለከተና ዘመነ የተመዘገበው ከእናቱ ጋር ነው አለኝ። ሞቱን ማስመዝገብ ያለበት አብሮት የሚኖር ሰው ነው፤ እናት እያለች አጎት አያስመዘግብም፤ እናቱ መጥታ ትፈርም፣ ጣቷን ታሳርፍ አለኝ።

«አሮጊት ናት» አልኩት።

«ሞተዋል?»

«አልሞተችም።»

«እንግዲያው ይምጡ። ከሞቱም የእሳቸውን የሞት ወረቀት ያምጡ።»

ስወጣ አንዱ የቀበሌ ሰው በጎን ሳብ አድርጎኝ እናትየዋንም እንደሞተች አድርገን ብንጽፋትስ፣ ነገሩ ያልቃል አለኝ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሞተውን ሕያው ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ ሕያው መግደል ግን አቃተኝ።

ምሥራቅ፣ እህቴ አታውቅም። መርዶ አልነገርናትም።

ዘመነ የሞተው በፍልሰታ ነው። እሷ መርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ሱባዔ ገብታ ነበር። ጥሬ ቆርጥማ፣ መሬት ተኝታ የምትጸልየው ለእሱ መንገድ ነው፤ ቪዛው እንዲሰምርለት። ከሱባዔዋ አውጥቼ ልጅሽ ሞቷል ልበላት? ክረምት ነው፣ ወደ መንደሩ መኪና አይገባም፣ አስከሬኑም የሚቆይ አልነበረም። እዚያው ደጀን ቀበርነው፤ አራት ሰዎች ነበርን። ጾሙ ይፈታ አልን። ጾሙ ሲፈታ ዘመን መለወጫ ደረሰ፤ በአዲስ ዓመት መርዶ አይነገርም አልን። በጥቅምት ዓይኗን ደብረ ማርቆስ ተቀደደች፤ ሐኪሙ ስድስት ወር እንዳታለቅስ ብሎ አዘዘ። ከዚያ የልጅ ልጇ ሠርግ መጣ። አገሩ ሁሉ ይህን ያደርጋል፤ መርዶ ቀን ተመርጦለት ነው የሚነገረው። እኛ ስንመርጥ ስንመርጥ ቀኑ አለቀብን።

«ልጄ የት ሄደ?» ስትለኝ ደግሞ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ቪዛው ድንገት መጣ፣ ከአዲስ አበባ ሳይመለስ ተሳፈረ አልኳት። አንቺ ዘንድ ነው ያለው አልኳት። እስከ ዛሬም አንቺ ዘንድ ነው።

ቀጥሎ ኔትወርኩ ጠፋ። ስልክ ባለመኖሩ አገር ሲያለቅስ ለእኔ ውሸት ግን ተመቸው።

አሁን ፍረጂ። እህቴ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደም ብዛት አለባት። ዛሬ ልንገራት ብል ስለ ምን ነው የምነግራት? ልጅሽ ሞቷል፤ ከሞተ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ አሁን የነገርኩሽ ሚስቱ ለሌላ ባል ስለምትወልድ ወረቀቱ ተፈልጎ ነው ልበላት? አንደበቴ እሺ አይለኝም። ሌላ መንገድ ካለ እዚያ ያሉትን ሰዎች ጠይቂ።

እንዳላማው


ካሰል
የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ እንዳላማው፤

ይህን ደብዳቤ ለሚንሃጅ ሰጥቼዋለሁ። አገር የሚገባ የደጀን ነጋዴ ነው፤ በእጅዎ ያስረክብዎታል። ደርሶኛል ብለው ይፈርሙለት። እኔም ወረቀት ማስፈረም ተምሬያለሁ።

ሌላ መንገድ ጠይቂ አሉኝ፤ ጠየቅኩ። የለም።

ዘመነ እኔ ቤት ነው ያለው አሏት። ቤቴ ውስጥ ሬሳ አስቀመጡብኝ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሥራ እየሄድኩ፣ እየተመለስኩ፣ ድረስን እያወቅኩ፣ እየወደድኩ፣ በእናቱ ልብ ውስጥ ግን ከዘመነ ጋር ማዕድ እቆርሳለሁ። ምን አሏት? ምን ሥራ ሰጡት? ወፈረ ነው ያሏት ከሳ? በጥምቀት፣ በፋሲካ ምን ብሎ ሰላም አላት? ይህን ሁሉ የፈጠሩ ሰው አንድ ቀን ቁጭ ብለው እውነቱን ለመናገር ቃል አጣሁ ይሉኛል።

ጋቢው አሁን ገባኝ። ለእኔ የሰፋው ለእኔ ስላልተፈተለ ነው። እማማ ለልጃቸው ብርድ ብለው በእጃቸው ፈትለው የላኩትን እርስዎ «ላንቺ ነው» ብለው ሰደዱልኝ። እኔም ሰፊ ነው ብዬ ለድረስ ሰጠሁት። ዛሬ ጠዋት ትከሻው ላይ ሳየው አውልቀው አልኩት፤ ምን ሆንሽ ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስለት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። አንድ ቀን ማልቀስ ነበረባት፤ አልቅሳ ትነሣ ነበር።

«ድምፅሽን መስማት አትችልም» ያሉኝም ውሸት ነበር። የፈሩት እኔ አፌን ከፍቼ አንድ ቃል እንዳላወጣ ነው። ጠልታኛለች ብዬ ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኛል?

የማን አስተዛዛኝ ነዎት? ፍትሐት አልተደረገለትም። አርባውም፣ ሰማንያውም፣ ዓመቱም አልወጣለትም። የተማሩ ሰው ነዎት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነዎት፣ የእህትዎ ልጅ እንደ መንገደኛ ተቀብሮ ቀረ። እኔ እዚህ ሆኜ የማልችለው ነው ብዬ ነበር፤ እዚያ ያሉት ያደርጉታል ብዬ ነበር።

አሁን የምነግርዎትን በደንብ ያንብቡት። ለሰልማ ሌላ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ መርጡለ ማርያም ገበያው ዳር ጨርቅ የምትሸጠዋ፣ እማማ ገበያ በወጡ ቁጥር የሚያገኟት፣ ዘመነ በሕይወት ሳለ ጤፍ የሚጭንላት። ደብዳቤው ሚንሃጅ ዘንድ ነው። እስከ መጋቢት 15 ቀን ድረስ ዘመዶችዎን ሰብስበው፣ የነፍስ አባቷን ይዘው፣ በወጉ ካልነገሯት ሰልማ ትነግራታለች። መርዶዋን ሱቅ ደጃፍ ቆማ እንድትሰማ ካልፈለጉ ቀኑን ይምረጡ። ጾም ነው አይበሉኝ።

ለልጄ ነው የምጮኸው እንዳይሉ፤ አዎ፣ ለልጄ ነው። ለዘመነም ነው።

ምሥራቅ


ጉንደ ወይን
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሥራቅ፤

ጤናሽን ያብዛልሽ። የሞት ምስክር ወረቀቱና፣ አበባው ራሱ አያይዤ ልስጥዎ ስላለኝ፣ የመዝገቡ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሉ። ማኅተሙ ክብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ይነበባል። ሁሉንም ለጀነት እሰጣለሁ፤ የውጭ ጉዳይ ማኅተም ሲያርፍበት በአንድነት በፈጣን ፖስታ ይደርስሻል።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍልሽ።

መጋቢት 13 ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ደጇ ደረስን። አባ አካለ ወልድ የነፍስ አባቷ፣ እኔ፣ ሁለት የአጎቶቻችን ልጆች፣ ከደጀንም ከጉንደ ወይንም የመጡ፣ በጠቅላላው አሥራ ሰባት ሰው ነበርን። ጎረቤቷ ወንጌላዊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የደም ብዛቱን መለኪያ ይዛ ቆመች። እህቴ በሩን ከፍታ ወጣችና አየችን። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ማን እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቀችው። አባ አካለ ወልድ ነገሯት።

ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ ሴቶቹ ያዟት። ይህን ጠብቀን ነበር። ትንሽ ቆይታ ግን ድምፅዋን አቆመችና መቼ ነው የሞተው አለች። ሁለተኛ ጠየቀች። እኔ ነኝ የነገርኳት። ነሐሴ 2014 አልኩ።

ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። ሐዘንተኛዋ ራሷ ልቅሶ ስታስቆም በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ከዚያ የልጅ ልጄ ሠርግ ላይ ጨፍሬያለሁ አለች። ለማንም አልነበረም የምትናገረው። አባ አካለ ወልድ ሊያጽናኗት ቀረብ ሲሉ በየቅዳሴው ስሙን ስሰጥዎ ከማን ጋር ነበር የሚጠሩት አለቻቸው። እሳቸውም በዋዜማው ማታ ነው የሰሙት፤ ከመንገደኞች ጋር ነው ብለው መለሱላት። ከሙታን ጋር መጠራት የነበረበት ልጅ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ከመንገደኞች ጋር ተጠርቷል።

ሦስት ቀን ተቀመጠች። እኔን ድንኳኑ ውስጥ እያለሁ አላየችኝም። በአራተኛው ቀን አሁን ለምን ነገራችሁኝ ብላ በወንጌላዊት በኩል አስጠየቀችኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ድረስንም፣ ልጁንም፣ ወረቀቱንም፣ ለሰልማ የጻፍሽውንም። ትሞታለች ብዬ የፈራሁት ያን ጊዜ ነበር። ተነሥታ ነጠላዋን አጣፍታ ለበሰችና መንገድ ወጣች።

ወረዳው ድረስ በባጃጅ ነው የሄድነው። እሷና ወንጌላዊት ፊት በሄደው፣ እኔ ከኋላ በሌላ። አበባው ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ቀንና ቦታ ጻፈ። ከዚያ ከሠላሳ ቀን ያለፈ ምዝገባ ስለሆነ የዘገየበት ምክንያት መሞላት አለበት አላት። ብዙ ሰው «ባለማወቅ» ብሎ ነው የሚያስሞላው ብሎ ሊረዳት ሞከረ።

«ባለማወቅ አይደለም» አለችው። «ወንድሜ እንዳላማው ስለደበቀኝ ብለህ ጻፍ።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። እኔ ወለሉን አየሁ። ጻፈው። እሷም አንብብልኝ አለችው፤ አነበበላት፤ ጣቷን አሳረፈች። ሦስቱ ምስክሮች ፈረሙ፤ አንዱ እኔ ነኝ። በያዝሽው ቅጂ ላይ በስድስተኛው ተራ ታገኚዋለሽ። የዚያ አገር አስተርጓሚ ምን ብሎ እንደሚተረጉመው አላውቅም።

ሱባዔ ላይ ነበረች፣ ዓይኗ ታሞ ነበር፣ ሐኪም አዝዞ ነበር ብዬ ልከራከር ነበር። ለአባ አካለ ወልድም ይህንኑ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። እኔም እንደ አንቺ ተቆጥቻለሁ፤ በማን እንደምቆጣ ግን ጠፍቶኛል። ያን ጊዜ አብረውኝ የመከሩት ሰዎች ዛሬ «አንተ ነህ ያልከው» ይሉኛል።

ደጀን ድረስ ወርዳ መቃብሩን አይታለች። ዳግም ትንሣኤ ሲያልፍ ፍትሐቱና ተዝካሩ በአንድነት ይደረጋል። እህሉን ጎረቤቶች እያዘጋጁ ነው። እኔ አልተጠራሁም።

ትናንት አስጠራችኝ። ታረቀችኝ ብዬ በጥድፊያ ሄድኩ። ብዕርና ወረቀት ያዝ፣ የምልህን ጻፍላት አለችኝ። የጀርመኑን አድራሻ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ነው። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው።

«ምሥራቅ፣ ይህን የምልሽ ሥራነሽ ነኝ። ማግባትሽን ሰማሁ። ልጅ ነሽ፤ ያገባሽውን ይባርክልሽ። በዚህ አልተቀየምኩሽም። የተቀየምኩሽ በዝምታሽ ነው። አትደውይ ሲልሽ እሺ አልሽ። ልጇ የሞተባት ሴት ምን ሆና ይሆን ብለሽ አንድ ሰው አልላክሽብኝም። ጠላችኝ ብለሽ ነው አሉኝ። ብጠላሽስ፣ መጥተሽ አትሰደቢም ነበር?

እኔ ሳይሰናበተኝ ሄደ ብዬ ልጄን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተቀይሜዋለሁ። ሰው ስሙን ሲያነሣልኝ ፊቴን አዞር ነበር። ጋቢውን ስፈትል እንኳ እየተቀየምኩት ነው የፈተልኩት። ይህን ማንም አይመልስልኝም፤ አንቺም፣ እሱም፣ መንግሥትም።

የምትወልጂውን ልጅ በአባቱ ስም አስጽፊው። የልጄን ስም ከዚያ አገር መዝገብ ላይ አንሺልኝ። ከእንግዲህ እሱን የሚጠራው ቄስ ነው።»

ይኸው ነው። ጻፍኩ።

እንዳላማው

ለእማማ ሥራነሽ አንብቤላቸዋለሁ። ጋሼ እንዳላማው የጨመሩት ወይም ያስቀሩት ካለ እንድነግራቸው ብለውኝ ነው። እንዳሉት ነው የተጻፈው። ወንጌላዊት